የሌሊት የሳይክል ውድድር በጎንደር፦ መንገዱ በየት በኩል ይሁን?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ሳይክል ሦስት ደብዳቤ ደርሶናል፣ ሦስቱም ስለ አንድ ሐሳብ ስለሚያወሩ አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፣ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ስላለበት ማሳጠር አልፈለግኩም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኛ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ምንኖር ሳይክል ምንወድ ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ወደ ወለቃ እንወጣለን፣ ሲመቸን ደሞ ኮሶዬ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ለጥር አንድ ትልቅ ነገር አስበናል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሚነዳ የማውንቴን ባይክ (የተራራ ሳይክል) ውድድር። ማታ 12 ሰዓት ከጃንተከል ተነስተን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አርገን ደባርቅ፣ ከዛ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳንቃበር ገብተን ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳ እያየን መጨረስ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ስለ መንገዱ ምን ትለናለህ? ምንስ እንያዝ?
(የማራኪ ሳይክለኞች)

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ጎንደር ላይ እንዲህ ሚያስቡ ልጆች መኖራቸው ራሱ ደስ ይላል። መንገዱን ግን ቀይሩት። ሳንቃበርን ለሌላ ቀን አስቀምጡትና ውድድሩን ከተማው አጠገብ፣ አጭር ዙር ላይ አርጉት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከደባርቅ ሳንቃበር ደሞ ሌላ 35 ምናምን አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ናት፣ ሳንቃበር 3,250 ላይ ነው። መንገዱ ግን ቀስ እያለ ብቻ አይወጣም፣ ወገራ ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ ስለዚህ እግራችሁ ሚከፍለው ከቁጥሩ ልዩነት በላይ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ብርዱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ጥር ላይ ጎንደር ሌሊት ጃኬት ሚያስለብስ ከሆነ እዛ ላይ ላብ ያረጠበው ሰው ሳይክሉ ተበላሽቶበት ሩብ ሰዓት ቢቆም ምን እንደሚሆን አስቡት። መንገዱ ዋና የመኪና መንገድ ነው፣ የጭነት መኪናና አይሱዙ ይመላለስበታል፣ የማውንቴን ባይክ ውድድር ብላችሁ ግማሹን ሌሊት አስፋልት ዳር ላይ መብራት እየሸሻችሁ ልታሳልፉት ነው። ፓርኩም ዝም ተብሎ በሌሊት ሚገባበት አይደለም፣ ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩን ታጣቂ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው ምትገቡት።

ይሄ ሁሉ ቀርቶ እንኳ እኔን በጣም ሚያስፈራኝ መበታተኑ ነው። እናንተ አብራችሁ ስለምትነዱ አይታወቃችሁ ይሆናል እንጂ ውድድር ሲሆን ጎበዙና ደካማው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። አንድ የእርዳታ መኪና ቢኖራችሁ ማንን ይከተል? ፊት ያለውን ቢከተል ኋላ የወደቀውን ማን ያገኘዋል? ኔትወርክ ሚጠፋበት ቦታ ላይ ከሆነስ? የሌሊት መንገድ ጥሩ ነው ሚባለው የትኛውም ቦታ ላይ የቆመ ሰው በቶሎ ሚገኝበትና ወደ ሙቀት ሚመለስበት ሲሆን ነው፣ እኔ መንገድ ስመርጥ መጀመሪያ ማየው ይሄን ነው፣ የሚያምር እይታ ምናምን ከዛ በኋላ ይመጣል።

ሌላው ዓለምም በዙር ሚያረገው ለዚህ ነው። በ1992 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ካናን የሚባል ቦታ ላይ የ24 ሰዓት የማውንቴን ባይክ ውድድር ተጀመረ፣ ከዛ በኋላ ነው ነገሩ በየአገሩ የተስፋፋው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ አንድ ዙር ይመረጣል፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ እሱኑ ደጋግሞ መንዳት ነው፣ ብዙ ዙር የጨረሰ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ የመጨረሻ ዙሩን ቀድሞ የጨረሰ። ለብቻው ሚነዳ አለ፣ በቡድን ሆነው እየተቀባበሉ ሚነዱም አሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ስትራዝፐፈር የሚባለው ውድድር ጭራሽ በጃንዋሪ ነው ሚካሄደው፣ ከ24ቱ ሰዓት 17 ገደማው ጨለማ ነው፣ በረዶና ጭቃ ውስጥ ማለት ነው፣ ሰዉ ግን በየዙሩ ድንኳኑ ጋ ይመለሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የረጠበ ካልሲ ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ካልቻለ እዛው ያቆማል። እዩት፣ እንደዛ ባለ ብርድ ሚያስችላቸው ዙሩ አጭር መሆኑ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ዙር ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሁን፣ ደካማው ልጅ በአንድ ሰዓት ሚጨርሰው። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት አርጉት፣ ጥር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባለች፣ ጠዋት ደሞ ወደ 1 ሰዓት ገደማ ነው ምትወጣው፣ የመጨረሻው ዙር በብርሃን ያልቃል ማለት ነው።

በየት በኩል ላላችሁት፣ እኔ ሦስት አቅጣጫ ይታየኛል። አንዱ በፋሲል መዋኛ በቀሃ በኩል ወደ ቁስቋም ሚወጣው ነው። ዳገት አለው፣ ለከተማ ቅርብ ነው፣ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም፣ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር። ግን የጥምቀትን ሰሞን አስወጡት፣ ከጥር 10 እስከ 12 መዋኛው አካባቢ ሰው በሰው ላይ ነው፣ እንኳን ሳይክል እግርም መሄጃ የለውም። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጎማ እንዳታስገቡ፣ በውጭ በኩል ዙሩ። ሁለተኛው የአዘዞ ወገን ነው፣ ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፣ ችግሩ ዋልካው ነው። ደረቅ ሲሆን ተሰነጣጥቆ የፊት ጎማ ሚውጥ ስንጥቅ ይሠራል፣ ትንሽ ዝናብ ከነካው ደሞ ጎማው ላይ ተለጥፎ ፍሬኑና ሹካው ውስጥ ይጠቀጠቅና ቸርኬው መዞር ያቆማል፣ ከዛ ሳይክሉን ተሸክሞ መሄድ ነው። ሦስተኛው በአንገረብ ግድብ በኩል ያለው ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን የከተማው ሰው ሚጠጣው ውኃ ስለሆነ አንድ የብስኩት ወረቀት እንኳን እንዳይወድቅ። የወለቃ–ኮሶዬውን መንገድ ለሌሊት አልመርጠውም፣ አስፋልቱ ላይ ቁልቁል ስትመለሱ ብርዱ ጣታችሁን ያደነዝዘውና ፍሬን መጨበጥ ያቅታችኋል።

የትኛውንም ብትመርጡ አቅጣጫውን ስትወስኑ ድንጋያማውን ውጡት፣ ለስላሳውን ውረዱት። ቀን ላይ ግልባጩ ነው ደስ ሚለው፣ ድንጋይ ላይ ቁልቁል መዝለል፣ አውቃለሁ፣ ሌሊት ግን በዳገት ቀስ ብሎ ሚሄድ ሰው ድንጋይ ቢመታው እግሩን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ በቁልቁለት ሚወርድ ሰው ጥርሱን ነው ሚያስቀምጠው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ደሞ ከባዱን ቁልቁለት ሚያስቀር አቋራጭ አዘጋጁና ሁሉም በሱ ይንዳ። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ያለው የእንቅልፍ ሰዓት ነው፣ የሰውነት ሙቀትም ሚወርደው ያኔ ነው፣ ሰው ዓይኑ እንደተከፈተ ለሰከንዶች ሊያንቀላፋ ይችላል። ከተማ ውስጥ ሚያልፍ ክፍል ካለው ኮብልስቶኑን ተጠንቀቁት፣ ሌሊት ጤዛ ሲያርፍበት ያንሸራትታል፣ ኩርባ ላይ ፍሬን አይያዝበትም።

ዙሩን ሁላችሁም መጀመሪያ በቀን፣ ቀጥሎ በማታ አብራችሁ በዝግታ ንዱት። ምልክት ስታረጉ አንጸባራቂ ፕላስተር ቁረጡና በጉልበት ቁመት ላይ እሰሩት፣ ከፍ ካረጋችሁት የሳይክሉ መብራት አያገኘውም። መታጠፊያው ላይ ብቻ ሳይሆን ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ፣ ከታጠፉ በኋላ ደሞ ትክክል ነህ ሚል አንድ ይኑር፣ ወደ ተሳሳተው መንገድ መግቢያ ላይ ኤክስ አርጉበት። ላካባቢው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ያልተነገረው ሰው ዛፉ ላይ ሚያበራ ነገር ሲያይ ቢያነሳው አይፈረድበትም፣ የተነገረው ግን ራሱ ይጠብቅላችኋል።

መብራት ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ መሪው ላይ አንዱ ሄልሜቱ ላይ። ብዙ ልጆች የግንባር ባትሪ ብቻ ይዘው ይወጣሉ፣ መብራቱ ከዓይን አጠገብ ሲሆን ግን የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ኋላ ይደበቅና ሁሉ ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል፣ ጭንቅላት ሚያህለውን ድንጋይ የተለየ ቀለም ያለው አፈር ነው ብለህ ትገባበታለህ። ዝቅ ብሎ መሪው ላይ ያለው ጥላውን ያወጣዋል፣ ሄልሜቱ ላይ ያለው ደሞ ገና ልትታጠፍበት ያለውን ያሳይሃል። ጥር ላይ ፒስታው አቧራ ነው፣ ፊትህ ያለው ልጅ ያስነሳው አቧራ መብራትህ ውስጥ ሲገባ እንደ ጉም ይዘጋል፣ ስለዚህ ተራራቁ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ መለዋወጫውን ኪሳችሁ ውስጥ ከሰውነታችሁ አጠጉት። ከተቻለ ሙሉ ጨረቃ ያለችበትን ሌሊት ምረጡ፣ ፀሐይ ስትገባ ወጥታ ሌሊቱን ሙሉ አትጠፋም፣ መብራትን አትተካም ግን ሰው ብቻውን እንዳይመስለው ታረጋለች።

አሁን ደሞ ጎንደር ላይ ብቻ ስላለው ነገር። አርባ አራቱ ታቦት ያለበት ከተማ ነው፣ ሌሊት መንገዱ ባዶ አይደለም። የቅዳሜ ገበያ ስላለ ለቅዳሜ አጥቢያ ገና ሳይነጋ አህያ የጫነ ገበሬ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ ይገባል። የበዓል ሌሊት ከሆነ ለማኅሌት፣ እሁድ ከሆነ ለቅዳሴ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች በጨለማ ይሄዳሉ። የእናንተ መብራት ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ ምንም አያዩም፣ አህያውም ይደነብራል። ስለዚህ አርብ ማታ አታርጉት፣ የወሩን በዓላት አይታችሁ ቀን ምረጡ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ሚያልፍ መንገድ አታስገቡ፣ ሰው ስታዩ ደሞ ከሩቁ ዝግ በሉ፣ መብራቱን ዝቅ አርጉ፣ "እንዴት አደራችሁ" በሉ። በሌሊት ድምፅ ሳያሰማ ሚመጣ ሳይክል ሰው ያስደነግጣል።

ጅብ ወንዝ ወንዙንና ቆሻሻ ሚጣልበትን ይዞ ወደ ከተማ ይጠጋል፣ እዛ አካባቢ ሌላ ሳይክለኛ ጠብቃችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ እለፉ፣ ማንም ብቻውን ቆሞ ጎማ አይቀይር። እውነቱን ለመናገር ግን ከጅብ ይልቅ ሚያስቸግራችሁ ውሻ ነው። ሲያባርራችሁ አትሽቀዳደሙት፣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዛ በዛው ሌሊት ጤና ተቋም ሄዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጠየቅ ነው። ነገ አየዋለሁ ሚባል ነገር የለም፣ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም።

ምግብ ላይ ብዙ አላስረዝምም። በሰዓት እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል፣ ሁለት መካከለኛ ሙዝ 50 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ በሶ በውኃ በጥብጦ ትንሽ ማርና ጨው ማድረግ ደሞ ከየትኛውም ውድ የስፖርት ምግብ ከረጢት አያንስም፣ ሆድም አይረብሽም። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ አፍ ምንም አልፈልግም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ለብቻው ሚነዳ አይኑር፣ አራት አራት ሆናችሁ እየተቀባበላችሁ ንዱ፣ አንዱ ሲነዳ ሦስቱ ብርድ ልብስ ስር ያርፋሉ። መነሻው ላይ እሳት፣ ትኩስ ሻይና ደብተር የያዘ ሰው ይኑር፣ የወጣውን የገባውን በሰዓት ይጻፍ፣ አንድ ልጅ ከተለመደው ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ካለፈ ሁለት ሰው በዙሩ ተቃራኒ አቅጣጫ ፍለጋ ይውጣ።

ፈቃዱን ከሁሉም አስቀድሙት። የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስንና ምታልፉባቸውን ቀበሌዎች በደብዳቤ አሳውቁ። የሰዓት እላፊ ባለበት ወይም ሰላሙ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ የሌሊቱን ተዉት፣ ያንኑ ዙር ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 ንዱት፣ አስራ ሁለት ሰዓት አስራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ድካሙም ደስታውም አይቀንስም። ሳንቃበርን ደሞ በተለየ ሳምንት ደባርቅ አድራችሁ፣ ከፍታውን ለምዳችሁ፣ ጠዋት ከስካውት ጋር ውጡት፣ በሳይክል ስለመግባት ጽሕፈት ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጭላዳ እንደሆነ ሌሊት ገደል ላይ ነው ሚተኛው፣ ረፋዱ ላይ ሣር ሊነጭ ወደ ሜዳው ሲወጣ ነው በደንብ ምታዩት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለህ። የ16 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ከነዚህ ሳይክለኞች ጋር ሌሊት ካልነዳሁ ብሎ ቤቱን አስጨንቆታል። ብከለክለው ተደብቆ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ፣ ብፈቅድለት ደግሞ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከቀበሌ 10)

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መንዳት የለበትም ባይ ነኝ፣ አዘጋጆቹም እንዲከለክሉ በዚሁ እነግራቸዋለሁ። በዛ ዕድሜ እንቅልፍ ይከብዳል፣ ደግሞም ደከመኝ ማለትን እንደ ውርደት ያዩታል፣ ልጁን ሚጎዳው ይሄ ሁለተኛው ነው። ግን ዝም ብለው አይከልክሉት። ከላይ እንደጻፍኩት ደብተር ይዞ ሰዓት ሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን ያርጉት፣ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ሰው ሚድንበት ሥራ ነው። ማታ የመጀመሪያውን ዙር ከትልልቆቹ ጋር ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ጠዋት ሲነጋ ደሞ አንድ ዙር ይጨምር። መሃሉን ወይ ይተኛ ወይ እሳቱ ጋ ይቀመጥ። የእርስዎንም ስልክ ቁጥር የውድድሩ አዘጋጅ ይያዝ፣ የእሱን እርስዎ ይያዙ። ቢችሉ ደግሞ ጠዋት ቡና ይዘው ብቅ ይበሉ፣ እሱም ኮራ ይላል፣ እርስዎም በዓይንዎ ያዩታል።

ጥያቄ፦ የኔ ሳይክል የድሮ ነው፣ ዲስክ ፍሬን የለውም፣ ማርሹም ሁሉም አይገባም። እንደዚህ ባለ ሳይክል የሌሊት ውድድር መግባት ይቻላል? ወይስ አዲስ ልግዛ?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ አዲስ አትግዛ ወንድሜ። የጎማ ፍሬን ደረቅ ወቅት ላይ በደንብ ይይዛል፣ የፍሬኑን ጎማዎች ግን አዲስ አርጋቸው፣ ያለቀ ከሆነ ብረቱ ቸርኬውን ይበላዋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጨብጠህ አትቆይ፣ ያዝ ለቀቅ እያረግክ ውረድ። ማርሹ ሁሉ ባይገባ ችግር የለውም፣ ዳገት ላይ ሚቀለው አንዱ፣ ሜዳ ላይ ሚፈጥነው አንዱ ሳይዘልል ከገባ ይበቃሃል። ካቴናውን አጥበህ ዘይት ቀባው፣ ከሁለት ቀን በፊት እንጂ በዋዜማው አይደለም፣ አዲስ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረገው። ጎማውን ጎሚስታ ጋ ወስደህ እሾህ ካለበት ከውስጥ በጣት እየዳበሰ ያውጣልህ፣ የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ አዲስ ከመነዳሪ ብታስገባም በመጀመሪያው ዙር ይበሳዋል። ሁለት ከመነዳሪ፣ መንፊያና መፍቻ ይዘህ ውጣ፣ ጎማ መቀየሩን ደሞ አሁኑኑ ቤትህ ውስጥ መብራት አጥፍተህ ተለማመደው።